ዋስ ያጣች እናት

በገንዳ ውሃ ከተማ ከመናኸሪያው ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ሁለት እህትማማቾች አንዲት ልጅ ያሳድጉ ነበር። ልጅቱ ታንጉ ትባላለች፤ አራት ዓመቷ ነው። የወለደቻት ታናሺቱ እፀገነት ናት። ቀኑን ሙሉ የምታዝላት፣ የምታጎርሳት፣ ወባ ሲይዛት በእርጥብ ጨርቅ ግንባሯን የምታብሰው ግን ታላቂቱ ፈንቴ ነበረች። ሁለቱም ይወዷታል። እንደ ዓይናቸው ብሌን ይወዷታል! ነገር ግን አንዲት ልጅ ለሁለት የተራበ ልብ እንዴት ትበቃለች? ቤታቸውን ያፈረሰው ጥላቻ ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ይገላግላቸው ነበር። ያፈረሰው ግን ፍቅር ነው… ማን ፍቅርን ይገላግላል?

ፈንቴ ከበለሳ ወደ ቆላ የወረደችው በልጅነቷ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ነው። አጨዳው ሲያልቅ አልተመለሰችም። አገባች፤ ሰባት ዓመት በትዳር ኖረች፤ ልጅ አልመጣም። ባሏ ሌላ ሴት ወልዳለት ጥሏት ሄደ፤ የሄደውም ሩቅ ሳይሆን እዚያው ከተማ ውስጥ ነበር። በየጠዋቱ ሦስት ልጆቹ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ መናኸሪያው በር ላይ ለሾፌሮች ፉል በምትሸጥበት ቦታ ያልፋሉ። ፈንቴ እስኪያልፉ ድረስ ጎንበስ ብላ ድስቱን ታማስላለች። የማይማሰል ነገር ባይኖርም ታማስላለች።

እፀገነት ከባሏ ከለይኩን ጋር እህቷን ተከትላ የመጣችው ኋላ ነው። ታንጉ ገና ዳዴ ስትል ለይኩን ሥራ ፍለጋ ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ ወዲያው እዚያ ጦርነት ተነሣና ወሬው ጠፋ። ሞተ ብላ አላለቀሰችም፤ አለ ብላ አልጠበቀችም። ልጇን ይዛ እህቷ ቤት ገባች፤ አጨዳ ሲሆን ወደ እርሻ ትወጣለች፣ አጨዳ ሲያልቅ በሐጂ ኸሊፋ መጋዘን ሰሊጥ ታበጥራለች።

ማታ ማታ በዚያች ቤት የሚሆነውን እግዚአብሔር ብቻ ነበር የሚያየው። ፈንቴ ታንጉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እያጎረሰቻት፣ የእፀገነት ኮቴ ከደጅ ይሰማል። ያን ጊዜ ልጅቱ አፏ ውስጥ ያለውን እንኳ ሳትውጥ «እማዬ!» ብላ ትፈተለካለች። ቀጣዩ ጉርሻ በፈንቴ እጅ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ፈንቴ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ ትመልሰዋለች፤ ፈገግም ትላለች። በልቧ ግን፣ «ቀኑን ሙሉ የኔ ነበረች፤ ይቺ ኮቴዋን ብቻ አሰምታ ወሰደቻት» ትላለች። ይህን በማሰቧ ራሷን ትረግማለች። በማግስቱም ያንኑ ታስባለች።

እፀገነትስ? እሷም አላመለጠችም! የገና ሰሞን ፈንቴ በሚኒባስ እስከ መተማ ዮሐንስ ወርዳ፣ ከሱዳኗ ገላባት የተሻገረ የሚያብረቀርቅ ሮዝ ቀሚስ ለታንጉ ይዛ መጣች። ልጅቱ ቀሚሱን ለብሳ በመንደሩ ስትሽከረከር አንዲት ጎረቤት፣

«ማን ገዛልሽ ታንጉዬ?» አለቻት።

«ፈንቴ! እማዬማ ብር የላትም!»

ሴትዮዋ ሳቀች። ፈንቴም ሳቀች። እፀገነት ግን ልቧ ውስጥ የሆነ ነገር ተበጠሰ።

«አበዛሽው እኮ እታለም» አለች። «እኔም ልገዛላት አስቤ ነበር።»

«በሐሳብ ልጅ አይለብስም እቴ!» አለች ፈንቴ፤ እንደ ቀልድ።

እንደ ቀልድ የተነገረች ያቺ ቃል ሌሊቱን ሙሉ እፀገነትን ስትወጋት አደረች። እናት ነኝ ትላለች፤ ታዲያ የእናትነቷ ምልክት ምንድን ነው? ልጇን ያለበሳት ሌላ፣ የሚያበላት ሌላ! አንድ ቀን ታንጉ ኮቴዋን ሰምታ ባትነሣስ? አንድ ቀን ዞራ ባታያትስ? ጠዋት ከቤት ስትወጣ ውሳኔዋን ጨርሳ ነበር፤ ለጥምቀት እሷ ራሷ፣ በገዛ እጇ፣ ሲረግጡት የሚበራውን ዓይነት ጫማ ለልጇ ትገዛለች። በምን ትገዛለች? ያን ገና አላወቀችም።

በሐጂ ኸሊፋ መጋዘን ከጥንት የኖረ ልማድ አለ። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ሲያበጥሩ ከወንፊቱና ከጆንያው አፍ እያፈተለከ መሬት ላይ የሚወድቀው ሰሊጥ፣ ከአፈርና ከገለባ ጋር እንደተቀላቀለ የዕለቱ ጠራጊ ድርሻ ነው። ጥራጊ ይባላል። ሴቶቹ በየተራ ይጠርጋሉ፤ ተራ የደረሳት ጥራጊዋን በትንሽ ከረጢት ይዛ ትወጣለች፤ ቤቷ አጥባና አንጥራ ለዘይት መጭመቂያ ትሸጣለች። ዘበኛውም ከረጢቱን አይነካም። በጥምቀት ሳምንት ተራው የእፀገነት ነበር። ሌሎቹ ሲወጡ እሷ መጥረጊያዋን አነሣች። ከዚያ… ምን ነካት? ከዚህ በፊት የሰው መርፌ እንኳ አንሥታ የማታውቅ ሴት፣ ተበጥሮ ካለቀው ጆንያ ንጹሑን ሰሊጥ ቀድታ ከረጢቷ ውስጥ ከታች አደረገች፤ ጥራጊውን ከላይ ነሰነሰችበት።

አንድ ነገር ግን አላወቀችም ነበር። በዚያው ሳምንት ከመጋዘኑ ሰሊጥ እየጎደለ ነው ተብሎ ለዘበኛው ጥብቅ ትእዛዝ ተሰጥቶታል። ሲጎድል የሰነበተው በሌላ ሰው እጅ ነበር፤ የተያዘችው ግን እሷ ናት። ዘበኛው ክንዱን እስከ ክርኑ ከረጢቱ ውስጥ ከቶ ሲያወጣ መዳፉ ሙሉ ወተት የመሰለ ሰሊጥ ሆነ።

«እፀገነት… ጥራጊ እንዲህ ይነጣል?» አላት፤ ድምፁ ራሱ አዘነ።

ሐጂ ኸሊፋ ያን ቀን ጎንደር ነበሩ። ሲመለሱ ፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ተከፍቶ፣ እሷም ጥፋቷን አምና ቃሏን ሰጥታ ነበር። ፍርድ ቤቱ በስድስት ወር ቀላል እስራት እንድትቀጣ ፈረደ። ስድስት ወር! ቀኑ ለሚሮጥለት ሰው ምንም አይደለም። ለአራት ዓመት ልጅና ለእናቷ ግን ስንት ዘመን ነው?

አብራት የምታበጥረው ሙባረካ በመጀመሪያው እሑድ ልትጠይቃት ሄዳ፣ በአጥሩ ማዶ ስታያት እንባዋን በቁጣ ሸፈነችው።

«አንቺ ጅል! ለጫማ? ብትነግሪኝ የልጄን አወልቄ አልሰጥሽም ነበር?»

«ሙባረካ፣ ታንጉ እንዴት ናት?»

«ታንጉ ደህና ናት። ያበድሽው አንቺ ነሽ። ስሚኝ፣ ይግባኝ እንላለን። ማመልከቻ ጻፊውን አማክሬዋለሁ። ጥፋቱ ትንሽ፣ ጥፋተኛዋም የመጀመሪያ ጊዜዋ ከሆነ እስራቱ ቀርቶ እቤቷ እያደረች ለሕዝብ የሚጠቅም ሥራ እንድትሠራ መጠየቅ ይቻላል አለኝ። የጤና ጣቢያውን ግቢ ትጠርጊያለሽ፤ ማታ ልጅሽ ጋ ትገቢያለሽ። ስድስት ወር ሙሉ መጥረግ ነው፤ መጥረግ ደግሞ ታውቂበታለሽ፤ ወንፊት ብቻ እንዳትነኪ!»

እፀገነት ከታሰረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባ ሆነ።

ማመልከቻው ተጻፈ። የፈጸመችውን እንደማትክድ፣ አባት የሌላት ሕፃን እንዳለቻት፣ በማኅበረሰቡ መካከል ሆና ቅጣቷን ለመፈጸም ዝግጁ መሆኗን ይናገራል። አንድ ችግር ነበር። እፀገነት እንደ ብዙው የቀን ሠራተኛ የከተማው መታወቂያ የላትም፤ ቋሚ አድራሻም የላትም። ቤትና መታወቂያ ያለው ዘመድ ቀርቦ «እኔ ዘንድ ታድራለች፤ ብትጠፋ እኔ እጠየቃለሁ» ማለት አለበት። ከፈንቴ በቀር ማን አላት?

«እቀርባለሁ፤ እህቴ አይደለች?» አለች ፈንቴ። የምሯን ነበር… በዚያን ሰዓት የምሯን ነበር።

ቀጠሮው እስኪደርስ ግን ብዙ ቀን አለፈ። በመጀመሪያዎቹ እሑዶች ፈንቴ ታንጉን ይዛት ወደ ማረሚያ ቤቱ ትሄድ ነበር። ልጅቱ የአጥሩን ሽቦ ጨብጣ አልላቀቅ ትላለች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ሲመለሱ በመንገድ ሁሉ ታለቅሳለች፤ ፈንቴን በእግሯ ትማታለች፤ «አንቺ አይደለሽም! አንቺ አይደለሽም!» ትላለች። በአራተኛው እሑድ ፈንቴ ብቻዋን ሄደች። ለእህቷ፣ «ልጅቱን ጉንፋን ይዟታል» አለቻት። በአምስተኛውም ጉንፋን ነበር። ታንጉ ቀስ በቀስ ዝም አለች። ፈንቴ ትከሻ ላይ መተኛት ጀመረች፤ መናኸሪያው ላይ ሾፌሮቹ «ልጅሽ አደገችልሽ» ሲሏት ፈንቴ አላረመቻቸውም። እንዴት ታርማቸው? ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ቃል ነው!

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ነጠላዋን ልትለብስ ስትነሣ ታንጉ በእንቅልፍ ልቧ ቀሚሷን ያዘች።

«እማዬ… አትሂጂ።»

በሕልሟ ነው? እናቷን ነው የጠራችው? ፈንቴ ጎንበስ ብላ የልጅቱን ዓይኖች አየቻቸው። ተከፍተዋል። የሚያዩትም እሷን ነው።

ሙባረካ በሩን አንኳኳች። «ፈንቴ! ተነሺ እንጂ፣ ዳኛ ፉል እስኪበስል አይጠብቅም!»

ችሎቱ ውስጥ እፀገነት ቆማ ነበር፤ ከስታለች፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሎ ይንሸራተታል። ሐጂ ኸሊፋ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከፊት ተቀምጠዋል። ዳኛው እንዲናገሩ ሲፈቅዱላቸው ተነሡ።

«ጌታዬ፣ ንብረቱ የኔ ነው። እኔ እዚህ ብኖር ነገሩ እዚህ አይደርስም ነበር። ወላሂ ይቅር ብያታለሁ። ትጥረግ፣ ትሥራ፤ ልጇ ጋ ትግባ። እኔ ከሷ የምፈልገው የለኝም።» ከዚያም ወደ እፀገነት ዞረው፣ «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አይዞሽ» አሏት።

ባለንብረቱ ይቅር አለ! የተሰረቀው ሰው ይቅር አለ! እፀገነት በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ዳኛው ማመልከቻውን አገላብጠው፣ «የሚይዛት ዘመድ ማን ነው?» አሉ። ፈንቴ ቆመች።

«እህቷ ነሽ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ቅጣቷን እስክትጨርስ ቤትሽ ታኖሪያታለሽ? ከከተማው እንዳትወጣ ኃላፊነት ትወስጃለሽ?»

ለመመለስ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «አዎ» ማለት ብቻ። ፈንቴ አፏን ከፈተች። ግን በዚያች ቅጽበት በዓይኗ የመጣው ማታ ነው፤ ከደጅ የሚሰማው ኮቴ፣ በእጇ ላይ የሚቀረው ጉርሻ። ጆሮዋ ውስጥ ደግሞ የጠዋቱ «እማዬ» ገና እንደ ሞቀ ነበር። ነገ ይህ ቃል ይወሰዳል! ነገ የቃሉ ባለቤት ትመጣለች!

«ጌታዬ…» አለች። «ባሏ ሱዳን ነው። ድንበሩ ቅርብ ነው። ልጇን ይዛ ተከትላው ብትሄድብኝ… እኔ ምን አቅም አለኝ?»

የሐጂ ኸሊፋ ምርኩዝ ወለሉን መታ። ሙባረካ «ያ ረቢ!» ብላ አፏን ያዘች። እፀገነት ግን አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ቀና ብላ እህቷን አየቻት። ዳኛው ሌላ የሚይዛት ቋሚ ነዋሪ ዘመድ እንዳለ ጠየቁ። አልነበረም። ሙባረካ «እኔ ልያዛት!» ብላ ብድግ አለች፤ እሷም መታወቂያ የላትም፤ የምትኖረውም በሰው ግቢ ተጠግታ ነው። ይግባኙ ተቀባይነት አላገኘም ተባለ፤ እስራቱ ጸና።

ከደጅ ላይ ሙባረካ ፈንቴን ክንዷን ይዛ አዞረቻት። «የኔ እህት ብትሆን ኖሮ በጥርሴ ነክሼ አወጣት ነበር። ምን አደረገችሽ? ንገሪኝ፣ ምን አደረገችሽ?»

«ፈርቼ ነው» አለች ፈንቴ።

«ውሸትሽን ነው!» አለች ሙባረካ፤ ጥላት ሄደች።

ፈንቴ የተመኘችውን አገኘች። ታንጉ የሷ ሆነች። ጉርሻዋን ጥሎ የሚሮጥ የለም። ከደጅ ኮቴ አይሰማም። ታዲያ ያ ሁሉ ደስታ የት ገባ? ልጅቱ ታጎርሳት እንደሆነ ትጎርሳለች፤ ታስተኛት እንደሆነ ትተኛለች፤ ግን አትስቅም። ሲመሽ በሩን ትይዩ ትቀመጥና ምንም ሳትናገር ታየዋለች። ፈንቴ በሩን ዘጋችው። ልጅቱ የተዘጋውን በር አየችው። ፈንቴ ቀናች… በአንድ የቆርቆሮ በር ቀናች! ወደ ማረሚያ ቤቱም መሄድ አቆመች። በምን ዓይኗ ታያታለች?

መጋቢት ገባ። የቆላው ሙቀት የማረሚያ ቤቱን ቆርቆሮ እንደ ምድጃ አጋለው። እፀገነት በየቀኑ ማታ ማታ ያተኩሳት ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። ሲጠይቋት «ሙቀቱ ነው» ትላለች። ሆዷ በግራ በኩል እያበጠ፣ ክንዷ እየቀጠነ መጣ። ባለፈው አጨዳ ከግራር ሥር ባደረችበት ጊዜ የነከሳት ትንኝ ካላዛር የሚሉትን በሽታ ሰጥቷት እንደነበር የታወቀው፣ ራሷን ስታ ከወደቀች በኋላ ነው። ወደ ሆስፒታል ወሰዷት፤ መድኃኒት ጀመሩላት፤ ሐኪሙ ግን ዘግይታለች አለ። መልእክቱን ለፈንቴ ያደረሰችው ሙባረካ ናት። በሩ ላይ ቆማ፣ ሳትገባ፣ «እህትሽ ትጠራሻለች። ልጅቱን ይዘሽ ሂጂ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ለፋሲካ አምስት ቀን ቀርቶ ነበር። ፈንቴ ታንጉን በእጇ ይዛ የሆስፒታሉን ክፍል ስትገባ ከአልጋው አጠገብ ፖሊስ ተቀምጧል። አልጋው ላይ ያለችው ሴት ማን ናት? ዓይን ብቻ የቀራት ይቺ ማን ናት? ልብ እየጠረጠረ ዓይን አላምን ይላል!

«ታንጉዬ…» አለች እፀገነት፤ እጇን ከአንሶላው ላይ አንድ ጣት ያህል አነሣች። «ነይ… ነይ የኔ እናት።»

ልጅቱ አየቻት። አላወቀቻትም። ደነገጠች፤ ሮጣ ከፈንቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቀችና ጮኸች።

«እማዬ! እንሂድ! እማዬ!»

ፖሊሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፈንቴ አልጋው ሥር ተንበረከከች። ይህን ቃል ስንት ቀን ተመኝታዋለች! አሁን ግን እንደ ፍም አቃጠላት።

«እፀ… እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ» አለች። «ፈርቼ አይደለም።»

«አውቃለሁ እታለም።»

«ቀንቼብሽ ነው!»

«እኔስ?» አለች እፀገነት። «እኔስ ቀንቼብሽ አይደል የሰረቅሁት? ያን ሮዝ ቀሚስ ሳይ… ዓይኔ ጠፋ። ሁለታችንም እኩል ነን እታለም። ግን ልጅቱ ምን አደረገችን?»

«ይቅር በይኝ።»

«ብዬሻለሁ።» ዓይኗን ወደ ታንጉ መለሰች፤ ልጅቱ ከቀሚሱ ኋላ በአንድ ዓይኗ ታያታለች። «አታስገድጃት፤ አትምጣ። እንዲህ ሆኜ አትሳመኝ፤ ይህን መልኬን ይዛ እንዳታድግ። እማዬ ስትልሽ… እሺ በያት። ሁለት ጊዜ እናት አትጣ።»

በማግስቱ፣ ፀሐይ ሳትከርር፣ እፀገነት ዐረፈች። ሐጂ ኸሊፋ መኪናቸውን ሰጡ፤ አበጣሪዎቹ ሁሉ ሥራ ፈትተው ቀበሯት። ሙባረካ ከመቃብሩ አጠገብ ተነሥታ፣ ቆማ የነበረችውን ፈንቴን አየቻት። ልትሰድባት የመጣች መስሏቸው ሴቶቹ ያዟት። ሙባረካ ግን ተላቃ ሄደችና ፈንቴን አቀፈቻት፤ ሁለቱም ዐፈሩ ላይ ወደቁ።

ከተዝካሩ በኋላ አንድ ጠዋት ፈንቴ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄደች። ሠራተኛዋን፣

«የእህቴን ቅጣት ልጨርስ መጣሁ» አለቻት።

«የምን ቅጣት?»

«እቤቷ ሆና ልትሠራው የጠየቀችውን። የጤና ጣቢያውን ግቢ ልጥረግላት። ሁለት ወር ከምናምን ቀርቷታል።»

ሠራተኛዋ መዝገቡን አወጣች፤ አነበበች፤ ቀስ ብላ ዘጋችው። «እናቴ፣ ሰው ሲሞት ቅጣቱ አብሮ ይቀራል። መዝገቡ ተዘግቷል። በሷ ላይ የቀረ ምንም የለም።»

«በኔ ላይስ?» አለች ፈንቴ።



ማን ፈረደባት? ማንም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ማለዳ ማለዳ የጤና ጣቢያው ዘበኛ በሩን ሲከፍት፣ አንዲት ሴት መጥረጊያ ይዛ ልጇን አስከትላ ትገባለች። የቀረው ሁለት ወር አለቀ፤ ክረምቱም አልፎ ሰሊጥ እንደገና ታጨደ፤ እሷ ግን አሁንም ትመጣለች። አንዲት አዲስ ነርስ «ማን ቀጠረሽ?» ብትላት «ተፈርዶብኝ ነው» አለቻት። እፀገነት አንዲት «አዎ» ብታገኝ ኖሮ ያኔ ይህን ግቢ የምትጠርገው እሷ ነበረች፤ ትኩሳቷንም ከዚያው ግቢ ያለ ሐኪም ያየው ነበር። ዕጣ ነው እንበል? ዕጣ ስንቱን ይሸከም! ሰው ግን ከአንዲት ቃል በኋላ የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሞ ቢያይ ኖሮ ስንቷ እናት ከቤቷ በገባች፣ ስንቱ ልጅ በእናቱ ደረት ባደረ! ጠርጋ ስትጨርስ ታንጉ ከዛፉ ጥላ ተነሥታ «እማዬ፣ እንሂድ» ትላታለች። ፈንቴ «እሺ» ትላለች፤ እህቷ አዝዛታለችና እሺ ትላለች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ ልጅቱን በእጇ ይዛ ወደ ፉሏ ትሄዳለች።